ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማውስ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መቀመጥ ግን እስካሁን አልተማርኩም። ጠዋት ጅማ መንደራ ቆጪ ካለው ቤቴ እወጣለሁ፣ ባጃጅ እይዛለሁ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ስደርስ እወርዳለሁ፣ ከዚያ አንዳች ጉዳይ ሳይኖረኝ በእግሬ እመለሳለሁ። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?" ትለኛለች። ምሳ ቀርቦ ሳለ ቀኝ እጄ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይንሸራተታል፤ አመልካች ጣቴ የሌለ ነገር ይጫናል። ዕድሜውን ማውስ ይዞ የኖረ እጅ ስለሆነ በአንድ ቀን ዕረፍ ቢሉት አይሰማም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንከራተተኝ ግን እጄ ብቻ አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ ጅማ ያለ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ነው። ሲያሰናብተኝ እንደማንኛውም ተሰናባች ክሊራንስ አስያዘኝ። ጋራዡን በሩቁ ብቻ የማውቀው ሰውዬ ከጋራዥ ሳይቀር "ምንም የለበትም" አስብዬ አስፈረምኩ። የቀረው ንብረት ክፍል ነበር። ወይዘሮ አስካለ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጣል አድርጋ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

"ኮምፒውተር ተመልሷል። ኪቦርድ ተመልሷል። ማውስ?"

"ማውሱ የለም።"

"ጠፋ ልበል?"

"አልጠፋም። አጋሮ ነው ያለው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አቶ ግርማ፣ አጋሮ ምን ይሠራል?"

"ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።"

ወይዘሮ አስካለ ቀልድ አትወድም። "እንግዲህ ወይ ማውሱን ያምጡ፣ ወይ ደግሞ የያዘው ሰው በቅጽ ፈርሞ ይረከብ። ከተረከበ ግን በስሙ ይመዘገባል፤ በየዓመቱ ቆጣሪ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ይቆጥራል። እኔ ያለዚህ አልፈርምም" አለችና ወረቀቱን ገፋ አደረገችልኝ።

ያ ማውስ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደደረሰ ለመናገር ከሥራዬ መጀመሪያ መነሳት አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ጅማ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ነው። አለቃዬ ጋሽ በላቸው ይባላሉ፤ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ የነበሩ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ማንም ሳያስተምራቸው ፈታተው የገጠሙ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ ማውስ ሆዱ ውስጥ ኳስ ነበረው። ጋሽ በላቸው ጠዋት ጠዋት ኳሷን አውጥተው በመሐረባቸው ይወለውሏትና ወደ ብርሃን አንስተው ያዩዋታል። ሰላምታ የሚሰጡን ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንዱ፣ ሠርቼ "አልቋል፣ ይዩልኝ" ስላቸው ማውሱን ነቅለው ኮታቸው ኪስ ይከቱታል። "በል አሁን አሳየኝ" ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን "ያለ ማውስ እንዴት ይሆናል?" ብዬ ተቆጣሁ።

"ይሄ ማውስ የሚያውቀው ያንተን እጅ ነው" አሉኝ። "የምትሠራለት ሰው ምን እንደያዘ ታውቃለህ?"

ሁለተኛው ልማዳቸው ከዚህ ይብስ ነበር። የሠራሁትን ለዘበኛው ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ ይሰጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከጀርባዋ ቆመው ያያሉ። አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ሴትዮዋ ስትሳሳት እኔ "እዚያ ጋ፣ ከላይ..." ማለት ስጀምር በክርናቸው ጎሸም ያደርጉኛል። "ቤቷ ድረስ ተከትለህ ልትነግራት ነው?" እጠላቸው ነበር እውነቱን ለመናገር። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከኮሌጁ በኋላ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት የሠርግ ጥሪ ወረቀት እያቀናበርኩ ጥቂት ቆየሁ፤ ቦታው አልያዘኝም። ከዚያ ዩኒየኑ የድረ ገጽ ሠራተኛ ሲፈልግ ገባሁ። ደመወዙ ደህና ነው፤ የሚሞላው ቅጽ ብዛት ግን ለጉድ ነው። ገጽ የምንሠራበት መንገድ የተለወጠው እዚያ እያለሁ ነው። ፍሬምወርክ የሚባለው መጣ። ገጹን በቁርጥራጭ ትሠራለህ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ነገር ሲደርስበት ይሰማዋል፣ ራሱንም ያድሳል። ተጫኑኝ ይላል፣ ተጻፈብኝ ይላል። ማውስ መጣብኝ፣ ማውስ ሄደልኝም ይላል።

እኔ የወደድኩት ይህን የመጨረሻውን ነው። የማውሱ ቀስት አንድ ስም ላይ ስትደርስ፣ ገና ሳትጫን፣ ከላይ ስታንዣብብ ስሙ ያውቃታል። ከሥሩ ትንሽ ሳጥን ብቅ ይላል፣ የሚለውን ይላል፣ ቀስቷ ስትሄድ እሱም ይሄዳል። በአርባ ስምንት ዓመቴ ፍቅር ያዘኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ፍቅሩም አላስተኛኝም። መጀመሪያ የሠራሁት ሳጥን እንደሚበላሽ አምፖል ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ምክንያቱን ሦስት ቀን ፈለግኩ። ሳጥኑ የሚወጣው ልክ ቀስቷ ሥር ነው፤ ስለዚህ ቀስቷ አሁን ያለችው ስሙ ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ላይ ነው። ስሙ "ሄደች" ይላል፣ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ቀስቷ ተመልሳ ስሙ ላይ ናት፣ "መጣች" ይላል፣ ሳጥኑ ይወጣል። እንዲህ ሲል ይውላል። ሳጥኑ ቀስቷን እንዳያያት አደረግኩና ዳነ። ደግሞ መግቢያዋን የሚናገረው ክስተት ሁለት ዓይነት መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ስድብ በኋላ ነው። አንዱ ቀስቷ ከክፍል ወደ ክፍል ባለፈች ቁጥር ይጮኻል፤ ሌላው እንደ ጨዋ ዘበኛ የግቢው በር ላይ ብቻ ይናገራል። ጨዋውን መረጥኩ። ቀስቷ ለማለፍ ብቻ ስትሮጥ ሳጥኖች እንዳይግተለተሉ ትንሽ ማዘግያ ሰዓት ጨመርኩ፤ ሳጥኑ ሳይወጣ ቀስቷ ከሄደች ሰዓቱ እንዲሰረዝ አደረግኩ። ይህን ሁሉ የሚያይልኝ ሰው አልነበረም፤ ብቻዬን እየሠራሁ ብቻዬን አጨበጭብ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ግን አየልኝ። ነጭ ገጽ የሚወድ ሰው ነው። "አይጨናነቅ፣ አይጨናነቅ" የዘወትር ቃሉ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎቻችንን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ያበራና ማውሱን ራሱ ይይዛል፤ አንዱ ስም ላይ ሲያንዣብብ ሳጥኑ ብቅ ሲል ዞር ብሎ የእንግዶቹን ፊት ያያል። "ሁሉንም ማሳሰቢያ እዚህ ውስጥ ክተተው" አለኝ። ከተትኩት። ጣቢያው የሚቀበልበት ሰዓት፣ ተዘግቶ ከሆነ ለምን እንደተዘጋ፣ ሁሉም ከሳጥኑ ገባ። ሰው እንዳይቸገር ብዬ ከየስሙ ሥር በትንሽ ፊደል አንድ ቃል ጻፍኩ፤ "ያንዣብቡ"።

በዚያ ዓመት ለቀማው በደራበት ሳምንት አጋሮ አካባቢ ያለ አንድ ጣቢያ ፓምፑ ተቃጠለ። "ፓምፕ ተበላሽቷል፤ እስከ ሐሙስ አይቀበልም" ብዬ ከሳጥኑ ከተትኩ፣ ማውሱን ስሙ ላይ አሳለፍኩ፣ ሳጥኑ አምሮ ብቅ አለ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። "ከአጋሮ ቅሬታ መጥቷል። አንዲት ሴትዮ ገጻችሁ አሳሳተኝ ይላሉ። ማሳሰቢያው አልነበረም?"

"ነበረ" አልኩ።

"እንግዲያው ጻፍላቸው።"

ጻፍኩ። "ተጠቃሚዋ ገጹን በአግባቡ ባለመጠቀማቸው" የሚል ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምኩ። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። ደብዳቤውን በፖስታ ከመላክ ይልቅ በእጄ ልሰጣቸው፣ ትክክለኛነቴንም በዓይናቸው ላሳያቸው ብዬ ላፕቶፑንና ማውሱን በቦርሳ ይዤ በማግስቱ የአጋሮ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቅሬታ ያቀረቡት አዴ ዘሃራ ናቸው፤ አዴ እንደ እማማ ያለ የአክብሮት አጠራር ነው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። በረንዳቸው ላይ የተዘረጋው ቡና ከሩቅ ይሸታል፤ የኮመጠጠ፣ የሞቀ እሸት ሽታ ነው። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ቢያደርጉት የቀድሞው አይሆንም።

"ኮቱ፣ ና፣ ተቀመጥ" አሉኝ፤ ፊታቸው አልተፈታም። "ከዩኒየኑ ነህ አይደል?"

"አዎ አዴ። ማሳሰቢያው መኖሩን ላሳይዎት ነው የመጣሁት።" ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ማውሱን ሰካሁ፣ ቀስቷን ስሙ ላይ አደረግኩ። ሳጥኑ ወጣ። "ይኸው፣ አይቀበልም ይላል።"

ረጋ ብለው አነበቡት። ከዚያ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው ያንኑ ገጽ ከፈቱና ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ አነሳ አድርገው፣ ሳይነኩ፣ አየር ላይ አቆሙት።

"ይኸው አንዣበብኩ። የታለ?"

ጣት ወይ ነክቷል ወይ አልነካም፤ ስልክ መሐሉን አያውቅም። እኔ የወደድኩት ነገር ሁሉ ደግሞ መሐሉ ላይ ነበር።

"ስነካው ደግሞ ፎቶ ይመጣል" ብለው ነኩት። የጣቢያው ፎቶግራፍ ስልኩን ሞላው፤ ማሽኑ ይዞራል፣ ውሃው ይፈሳል፣ ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ነኝ የሰቀልኩት። "ይሄን ያየ ሰው ተዘግቷል ይላል? ወላሂ በል!"

"አይልም።"

"ከስሙ ሥር ደግሞ 'ያንዣብቡ' ይላል። የሚያንዣብብ ምንድን ነው? ዝናብ ነው። እኔ አማርኛው ያን ያህል ነኝ፣ መምህሩን ጎረቤቴን ጠየቅኩት፤ እሱም 'ደመና ሲከብድ ነው አዴ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው' አለኝ። እዚያ ሊዘንብ ነው፣ መንገዱ ሳይጨቀይ እንድረስ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ አስነሳሁ። የነገውንም ዛሬ ለቀምን። በአህያ፣ በበቅሎ፣ በጀርባ ጭነን ሄድን። በሩ ዝግ። ዝናብም የለ፣ ጣቢያም የለ!"

እኔ ከሰማይ የወረደ ጥበብ መስሎኝ የጻፍኳት አንዲት ቃል መንደሩን ሙሉ አስለቅማለች።

"ቡናው ቡና ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛፉ አለ፣ ከርሞ ይሰጣል" አሉ ድምፃቸው እየቀጠነ። "ግን እነሱ ያመኑት ስልኬን ነው። ጠዋት ጠዋት በራፌ መጥተው 'ዘሃራ፣ ስልክሽ ምን ይላል?' ይሉኝ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው አልመጣም። ቃሌን ነው ያበላሸህብኝ።"

ማውሱን ከጠረጴዛው አንስተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። "ይሄ ከሌለኝ አላይም ማለት ነው?"

"አዎ አዴ። እንዲያ ነው የሠራሁት።"

"ቶሌ። እሺ። እንግዲያው እኔ ዘንድ ይቀመጥ።" ገመዱን ጠቀለሉና የቀን መቁጠሪያው አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። ጅማ እስክደርስ የታየኝ የጋሽ በላቸው ኮት ኪስ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሳጥኖቹን ሁሉ ነቀልኳቸው። "ዛሬ ይቀበላል" ወይም "ዛሬ አይቀበልም" የሚለውን ከየስሙ ጎን በደማቁ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ማንም ምንም ሳይነካ እንዲነበብ አወጣሁት። "ያንዣብቡ"ን ደመሰስኩ። ሥራ አስኪያጁ "ገጹን የገበያ ቀን አስመሰልከው" ብሎ አኮረፈኝ፤ አኮረፍኩት። ለራሴ ሌላ ማውስ ገዝቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። በዓመቱ አዴ ዘሃራ ደውለው "ዛሬ ሁለት ሰው መጣ፣ ስልክሽ ምን ይላል አሉኝ" ብለው ነገሩኝ። በየዓመቱ ሲጨመር በመጨረሻ ሁሉም ተመለሰ። ማውሱን ግን አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላነሱም።

እንግዲህ ወይዘሮ አስካለ የላከችኝ ወደዚህ ማውስ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ለቀማው ሊጀመር ቀናት ቀርተውታል። አዴ ዘሃራ አርጅተዋል፣ በቆሙበት ሳቁልኝ። ማውሱም እዚያው ሚስማር ላይ አቧራ ለብሶ አለ።

"ይዘኸው ትሄዳለህ፣ ምን ቸገረኝ" አሉ። "መጀመሪያ ይሄን እይልኝ። ገጻችሁ ተለውጧል።" ስልኩን ሰጡኝ። "ጣቢያው ዛሬ ይቀበላል፣ አይቀበልም?"

አየሁት። የሚያምር ነጭ ገጽ ነው። የጣቢያው ስም አለ፣ ከጎኑ ነጥብ የምታህል ክብ አለች። ሌላ ምንም የለም።

"አንተም አላወቅክም" አሉኝ። ማውሱን ዞር ብለው አዩትና "አልሰጥህም" አሉ።

እኔን የተካችው ሜላት ናት፤ አዲስ አበባ ያደገች፣ ጅማ የተማረች፣ እኔ በሳምንት የምጨርሰውን በቀን የምትጨርስ ልጅ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮዋ ገባሁ።

"ጋሼ፣ እሱን እኮ አስቤበታለሁ" አለች ስነግራት። "ለማውስ ሆቨር ነው፣ ሲያንዣብቡ ይወጣል፤ ለስልክ ደግሞ ሲነካ ይከፈታል። ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ይኸው።" ክቧን ነካች፣ ሳጥኑ ተከፈተ። እውነቷን ነው፤ ከእኔ የተሻለ ሠርታዋለች። ለዚህም ነው ምን ብዬ እንደምከራከራት የጠፋኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ።

"ሜላት፣ ነገ አጋሮ አብረሽኝ ነይ። የምታስፈርሚልኝ ቅጽ አለ።"

"ለማውስ?" ሳቀች። መጣች ግን።

አዴ ዘሃራ ስልካቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። "ዛሬ ይቀበላል ወይ አዴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። በአውራ ጣታቸው ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉ። ያቺን ክብ ሦስት ጊዜ አለፏት። ሜላት "ከጎኑ ያለችውን..." ልትል አፏን ስትከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬያለሁ፤ ማጣመሬንም ያወቅኩት ያኔ ነው።

"ስሙ አለ፣ ተዘግቷል አይልም" አሉ በመጨረሻ። "ይቀበላል።"

ጣቢያው ገና አልተከፈተም ነበር። ክቧ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ያንን ይላል፤ የጻፈችው ራሷ ሜላት ናት። ፊቷ ቀላ። ስልኩን ቀስ ብላ ከእጃቸው ተቀበለች፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ይቅርታ እማማ" አለች። "ጽሑፉን ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው ከክቧ ውስጥ የማወጣው።" ላፕቶፗን እዚያው በረንዳ ላይ ከፈተች። ጽሑፉ በደማቁ ስልኩ ላይ ሲታይ አዴ ዘሃራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎረቤት እስኪሰማ አነበቡት።

ከዚያ ሚስማሩ ጋ ሄደው ማውሱን አወረዱና "በል ውሰድ" አሉኝ። አልወሰድኩም። ቅጹን አወጣሁ። ተረካቢ፣ ዘሃራ። የንብረቱ ዓይነት፣ ማውስ አንድ። "ማንበብ እንጂ መፈረም አልለመድኩም" ብለው አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉት።

ወይዘሮ አስካለ ቅጹን ሁለቴ አነበበችው። "የንብረቱ ሁኔታ፣ አገልግሎት ላይ ያለ ይላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማውስ ምን አገልግሎት አለው?"

"በየዓመቱ ቆጣሪን ከቢሮው አስነስቶ እዚያ ድረስ ይወስዳል" አልኳት። እያጉረመረመች ፈረመች።

የዓመቱ ቆጠራ ባለፈው ሰኔ ነበር። የኮምፒውተር ዕቃ የሚቆጥረው የኮምፒውተር ክፍሉ ስለሆነ ተረኛዋ ማን እንደነበረች አውቃለሁ፤ ያን ሳምንት ከቤቴ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ከጊንጆ ጉዱሩ ቤቴ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ሐሙስ ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ አዴ ዘሃራ ናቸው።

"ያቺ ልጅህ መጥታ ነበር።"

"ማውሱን ቆጠረችው?"

"ኧረ ቀና ብላም አላየችው! 'ስልክዎን ያውጡ እማማ' አለችኝ። እኔ ሳነብ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ከጀርባዬ ቆመች፤ ብጠይቃትም አትመልስ፣ ዝም። ምን ሆና ነው?"

"ምንም አልሆነችም አዴ" አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ቀኝ እጄ ሳህኑ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር፤ አይንቀሳቀስም።